ከሰይፉ በፊት መሬቱን ተመልከቺ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኔም እናትሽም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። በስልክ የነገርሽኝ የጥናት ጽሑፍሽ ከሐሳቤ አልወጣም። ሳሙራዮች የተባሉት የጦር ሰዎች ጃፓንን መግዛት ከጀመሩበት ከ1192 እነሳለሁ ብለሻል። እባክሽ ከዚያ አትነሺ። በዚያ ዓመት (የምጽፍልሽ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው) የጦር መሪው ሚናሞቶ ኖ ዮሪቶሞ የሾጉንነት (የጦር ገዢነት) ማዕረግ ሲቀበል ነገሩ ካለቀ ቆይቷል።

ከመሬቱ ተነሺ። በ7ኛው መቶ ዘመን ቤተ መንግሥቱ የቻይናን ሥርዓት ተከትሎ የሩዝ መሬቱን በንጉሠ ነገሥቱ ሥር አደረገ፤ በየስድስት ዓመቱም ለገበሬው እያከፋፈለ ግብር ይቀበል ጀመር። መሬቱ አልበቃ አለ። በ743 አዲስ መሬት ያቀና ሰው ለዘለዓለም የራሱ ይሁን ተብሎ ታወጀ። ለማቅናት ግን ሀብትና የሰው ጉልበት ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ የነበረው በመኳንንቱና በታላላቆቹ የቡድሃ ገዳማት እጅ ነው። ሾኤን የተባሉት ርስቶች እንዲህ ተፈጠሩ። ብዙዎቹ ውለው አድረው ከግብር ነጻ ወጡ፤ የመንግሥት ሹም እንዳይገባባቸውም ተከለከለ። ይህን ያየ የአገር ቤት ባለ መሬት ምን አደረገ መሰለሽ? ከአገረ ገዢው ለመዳን መሬቱን በገዛ ፈቃዱ በአንድ የመዲናዋ ታላቅ ቤት ስም አዞረና ከምርቱ እየከፈለ አስተዳዳሪ ሆኖ ቀረ። ቤተ መንግሥቱን ባዶ ያስቀረው ጦር ሳይሆን ይህ ወረቀት ነው ብዬ አምናለሁ።

ሠራዊቱም እንዲሁ ሆነ። ንጉሠ ነገሥት ካንሙ በ792 በአብዛኛው አውራጃ የገበሬ ምልመላን አስቀረ። ጥበቃው ፈረስ ላላቸው ለአገር ቤት ባላባቶች ልጆች ተተወ። ቀደምቶቹ የጦር ሰዎች የሚኮሩት በሰይፍ ሳይሆን ከፈረስ ላይ በሚወረውሩት ቀስት እንደ ነበር አትርሺ። በ939 ታይራ ኖ ማሳካዶ በምሥራቅ ሸፍቶ ራሱን አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ብሎ ሲሾም፣ ከመዲናዋ የተላከው ጦር ሳይደርስ በ940 የገደሉት የአካባቢው የጦር ሰዎች ናቸው።

ዮሪቶሞ ይህን ሁሉ ያወቀበት ሰው ነበር። በልጅነቱ አባቱ ተሸንፎ ሲሞት የድል አድራጊው የታይራ ቤት አለቃ ታይራ ኖ ኪዮሞሪ ነፍሱን ምሮ በምሥራቅ ወዳለችው ኢዙ አጋዘው። እዚያ ሃያ ዓመት ኖረ። በ1180 በታይራዎች ላይ ሲነሣ ለምሥራቅ ተዋጊዎች መሬታቸውን በራሱ ደብዳቤ አጸናላቸው። ለብዙ ትውልድ በሰው ስም ባረሰ ቤተሰብ ላይ ያ ደብዳቤ ምን እንደሚያደርግ አስቢው!

በ1185 በዳንኖዑራ የባሕር ውጊያ ታይራዎች ጠፉ፤ ሕፃኑ ንጉሠ ነገሥት አንቶኩ በአያቱ እቅፍ እንዳለ ሰጠመ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር መጽሐፉን አጥፌ እቀመጣለሁ። በዚያው ዓመት ቤተ መንግሥቱ ዮሪቶሞ በየርስቱ ጂቶ (የመሬት አስተዳዳሪ)፣ በየአውራጃውም ሹጎ (የጦር አስተዳዳሪ) እንዲሾም ፈቀደለት። ንጉሠ ነገሥቱ በመዲናዋ በኪዮቶ ከነክብሩ ተቀመጠ፤ የመሬት ክርክር ያለበት የጦር ሰው ግን መንገዱ ወደ ዮሪቶሞ መቀመጫ ወደ ካማኩራ ሆነ።

የካማኩራን የ1232 ሕግም ተመልከቺው። ሃምሳ አንድ አንቀጽ ነው፤ ብዙው ስለ መሬትና ውርስ ይናገራል። በዚያ ዘመን የጦር ሰው ሴት ልጅ ርስት ትወርስ ነበር፤ ጂቶ የሆኑ ሴቶችም ነበሩ። ስለ እነርሱ አንድ ገጽ ብትጨምሪበት በጣም ደስ ይለኛል። ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ እናትሽም ልታነበው ትፈልጋለች።

አባትሽ