"የክረምት ጉዞ" የተባለው በእኛ ክረምት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ለሴቶች ብቻ ስለሚዘጋጀው፣ በምድር ሰሜን ጫፍ በአርክቲክ ስለሚደረገው የክረምት ጉዞ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ላሊበላም ያሉ እህቶቻችን እየተቀባበሉ አንብበውታል። ኖርዌይ፣ ስዊድንና ፊንላንድ ዘመድ ያላቸውማ ከወዲሁ ገንዘብ መቆጠብ ጀምረዋል። ደስ ብሎናል። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ውስጥ መታረም ያለበት አንድ ቃል አለ፤ ካልታረመ የሰው ገንዘብ ያስበላል።

ቃሉ "ክረምት" ነው። ለእኛ ክረምት ሰኔ ግም ሲል ገብቶ መስከረም ሲጠባ የሚወጣው የዝናብ ወቅት ነው። የአርክቲክ የበረዶ ወቅት ግን የሚውለው በእኛ በጋ፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። "የክረምት ጉዞ" የሚለውን አምና ለሐምሌ ትኬት የቆረጠች ሴት የሰሜን ኖርዌይ ከተማ ትሮምሶ ስትደርስ በረዶ የምታየው ተራራ ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ሌሊት ሰማይ ላይ በቀለም የሚያበራውን፣ የሰሜን ብርሃን የሚባለውንም አታይም፤ በዚያች ከተማ ከግንቦት 12 ገደማ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ፀሐይ ጨርሶ አትጠልቅምና። ከኅዳር 18 ገደማ እስከ ጥር 7 ገደማ ደግሞ ፀሐይ ጭራሽ አትወጣም። ጾመ ነቢያት በገባ በሦስተኛው ቀን ተሰናብታ፣ ለጥምቀት አራት ቀን ሲቀረው ትመለሳለች ማለት ነው። እኩለ ቀን ላይ ሰማያዊ ወጋገን ስለሚኖር ቀኑን ሙሉ ድቅድቅ ጨለማ አይሆንም፤ ለረጅም የውጭ እንቅስቃሴ ግን አጭር ነው። በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበትን ስኪም፣ ውሾች የሚጎትቱትን የበረዶ ጋሪም፣ በማያሰጥም ሰፊ የበረዶ ጫማ መሄዱንም በአንድ ሳምንት ልሞክር ለምትል ሴት የካቲትና መጋቢት ይሻላታል፤ ቀኑ ይረዝማል፣ በረዶው ይጠነክራል፣ ሌሊቱም ለሰሜን ብርሃን የሚበቃ ጨለማ አለው።

ብርዱም እንደየቦታው ነው። ትሮምሶ ባሕር ዳር በመሆኗና ሞቃት የባሕር ጅረት ስለሚደርሳት በጥር አማካይ ሙቀቷ ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ነው። ወደ መሀል አገር ሲገባ፣ ኖርዌይ ውስጥ ካራሾክ ወይም ስዊድን ውስጥ ኪሩና አካባቢ፣ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚወርድበት ቀን አለ። ነፋስ ሲጨመርበት ሌላ ነው፤ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ አየር ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከመጣ፣ የተገለጠ ገላ የሚሰማው ከዜሮ በታች 33 ያህል ነው። ጋሪ ወይም በረዶ ላይ የሚነዳው የበረዶ ሞተር ላይ የተቀመጠች ሴት ነፋስ ባይኖር እንኳ ፍጥነቱ ነፋስ ይሆንባታል።

"ደጋ ተወልደን ደጋ አድገን ብርድ ሊያስፈራን ነው?" የሚሉ አሉ። የደላንታን፣ የዋድላንና የመቄትን የታኅሣሥ ውርጭ የሚያውቅ ሰው ብርድን አያቃልልም። ነገር ግን የእኛ ብርድ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ስትበረታ ይሸሻል፤ የረጠበ ልብስም ይደርቃል። እዚያ ጠዋት የረጠበ ልብስ ማታም እርጥብ ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ተጓዧን የሚጎዳት የገዛ ላቧ ነው። ዳገት ላይ ላብ ያጠመቃት ሴት ቆም ባለች በደቂቃዎች ውስጥ ትንቀጠቀጣለች።

ጋቢና ነጠላ ጥጥ ናቸው። ጥጥ ላብ ይመጥና አይለቅም፤ ገላ ላይ እርጥብ ሆኖ ይቀመጣል። ቤት ውስጥ እሳት ዳር ጋቢን የሚያህል የለም፣ ይዛችሁት ሂዱ፤ ሜዳ ላይ ግን ከጥጥ የተሠራ ምንም ነገር ገላችሁን አይንካ፣ የውስጥ ልብስና ካልሲም ቢሆን። ባናና በርኖስ የሚያሞቁት የበግ ፀጉር ስለሆኑ ነው፤ የበግ ፀጉር ረጥቦም ሙቀት ይይዛል። የጉዞው ልብስ የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ገላ ላይ ቀጭን የበግ ፀጉር ልብስ፣ እጀ ረጅምና ታይት፤ በላዩ ወፍራም ሹራብ፤ ከሁሉ በላይ ነፋስ የማያስገባ ካፖርትና ሱሪ። ሁለት ሙሉ የገላ ልብስ ይበቃል፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይለበሳል። ጉዞ ሲጀመር ትንሽ ሊበርዳችሁ ይገባል። ገና ሳትነሡ ከሞቃችሁ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ያልባችኋል። አስጎብኚዋ ከተነሣችሁ ብዙም ሳይቆይ አስቁማ አንድ ልብስ አውልቁ ስትል አትከራከሯት። ስታቆማችሁ ደግሞ መጀመሪያ ካፖርት ይደረባል፣ ሻይ ከዚያ በኋላ ነው።

ጫማ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ካልሲ ሲደራረብ ጫማው ይጠባል፣ የጠበበ ጫማ ደም ያግዳል፣ ደም ያልደረሰው ጣት ይቀዘቅዛል። ከወትሮው አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ከፍ ያለ ጫማ፣ አንድ ወፍራም የበግ ፀጉር ካልሲ፣ ጣት እንደ ልብ የሚንቀሳቀስበት ቦታ፤ ይኸው ነው። ጓንትም አራቱን ጣት አንድ ላይ የሚያስገባው ይሻላል፤ ከሥሩ ቀጭን ጓንት ይደረግና ዚፕ ለመክፈት በእሱ መሥራት ይቻላል። የብር ጉትቻና የአንገት ሐብል መውለቅ አለበት፤ ብረት ብርዱን ወደ ገላ ያስተላልፋልና ጆሮን ቀድሞ የሚያስበላው እሱ ነው። የማተብ ክር ምንም አይልም፣ ብሩ መስቀል ግን ከልብስ ውጭ ይዋል። ሻሽ ወይም ሒጃብ የምታደርግ ሴት ስስ የበግ ፀጉር ትምረጥ፣ በመርፌ ቁልፍ ፋንታም ትቋጥረው። አፍ ላይ የሚጠመጠመው ከትንፋሽ የተነሣ ይረጥብና በረዶ ይሠራል፤ ሁለት ይዞ ማፈራረቅ ነው።

የላይኛውን ወፍራም ልብስና ጫማ ብዙ ጊዜ አዘጋጆቹ ያከራያሉ ወይም ያውሳሉ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በሴት ቁጥር አላቸው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የወንድ ልብስ ሴት ላይ ሲሰፋ ሙቀቱ በአንገትና በወገብ ያመልጣል። ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ከሆነው ይልቅ ካፖርትና ሱሪው የተለያየው ይሻላል፤ ለሽንት ሁሉን ማውለቅ አያስፈልግምና። ለሴቶች ብቻ የሚዘጋጅ ጉዞ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን። ወንድ ባለበት ቡድን ሴቶች ሽንት እንዳይመጣባቸው ውኃ ይተዋሉ፤ ውኃ ያነሰው ሰውነት ይደክማል፣ ብርድ መቋቋምም ያቅተዋል። ጥሩ አስጎብኚ የሽንት ማረፊያውን ራሷ ትጠራለች፣ ማንም እስኪጠይቅ አትጠብቅም። ሞዴስ በውስጠኛው ኪስ ይያዝ፤ ያገለገለው ተቋጥሮ ይመለሳል እንጂ በረዶ ውስጥ አይቀበርም።

የውሻው ጋሪ ሁሉም የሚጓጓለት ነው፤ አደጋም አለው። አንዲት ተጓዥ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ውሾች ትይዛለች። ከመነሣታቸው በፊት ይጮኻሉ፣ ይዘላሉ፣ ገመድ ይስባሉ፤ ጋሪውን በረዶው ላይ የያዘው መንጠቆ ሲነቀል ተስፈንጥረው ይሄዳሉ፣ ጩኸቱም ወዲያው ጸጥ ይላል። ሕጉ አንድ ነው፦ መያዣውን አትልቀቂ። ብትወድቂም አትልቀቂ፤ ውሾቹ ያለ ሰው ከሄዱ ገመድ ተጠላልፎ ይጎዳቸዋል፣ አንቺም ሜዳ ላይ ትቀሪያለሽ። ቁልቁለት ላይ በእግር የሚረገጠው ፍሬን መረገጥ አለበት፣ አለዚያ ጋሪው ከኋላ ያሉትን ውሾች ይመታል። ኩርባ ላይ ጉልበት አጠፍ አድርጎ ወደ ኩርባው ውስጥ ማዘንበል ነው። ዳገት ላይ አንድ እግር አውርዶ ማገዝ ይገባል፤ ላብ የሚመጣውም ያኔ ነውና ካፖርቱን ቀድሞ መክፈት ነው። የምትሰግድ እህት የውሻ ምራቅ ያሳስባታል። ለውሾቹ ብቻ የሚሆን የላይ ልብስና ጓንት ለይታ ብትይዝ፣ ስትመለስም ደጅ አውልቃ ብትገባ ይቀላታል። አስጎብኚዋ ይህን አስቀድማ ካወቀች ውሾቹን ከማሰር ይልቅ ሌላ ሥራ ትሰጣታለች።

የበረዶ ሞተር መንዳት መንጃ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የእኛው አገር ፈቃድ ይሠራ እንደሆነ አዘጋጁ በጽሑፍ ይመልስ፣ ካልሆነ ከኋላ መቀመጥ ነው።

በቋንቋችን በረዶ ስንል ከሰማይ የሚወርደውንም፣ ሐይቅ ላይ የሚረጋውንም ነው። ልዩነቱ እዚያ የሕይወት ጉዳይ ነው። ለእግረኛ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጥርት ያለ የሐይቅ በረዶ ያስፈልጋል። አዲስ በረዶ የሸፈነው ሐይቅ አያስተማምንም፤ የወረደው በረዶ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ከሥሩ ያለው እንዳይወፍር ያደርጋል። ወንዝ የሚገባበትና የሚወጣበት ቦታም ሁልጊዜ ስስ ነው። አንገት ላይ የሚንጠለጠሉ ሁለት ሹል መያዣዎች ይሰጣሉ፤ ውኃ ውስጥ የገባ ሰው በመጣበት አቅጣጫ ዞሮ እነሱን እየሰካ ይወጣል። ካፖርት ውስጥ ከተደበቁ አይረዱም።

ተጓዦች ሁለት ሁለት ሆነው እርስ በርስ ፊት መተያየት አለባቸው። አፍንጫ፣ ጉንጭ ወይም ጆሮ ላይ ነጭ ምልክት ከታየ ብርዱ ገላውን መብላት ጀምሯል፤ እሷ ራሷ ስለማይሰማት ሌላ ሰው ነው የሚያየው። ያኔ በሞቀ መዳፍ መሸፈን እንጂ ማሸት የለም፣ በበረዶ ማሸትማ ፈጽሞ። እጅን ወደ እሳት መዘርጋት የለመድነው ነው፤ የደነዘዘ እጅ ግን ሲቃጠልም አይሰማውም። ብብት ውስጥ ማስገባት ይሻላል። እግር ወይም እጅ ብርዱ ጠልቆት በረዶ ከሆነ በ37 እስከ 39 ዲግሪ ሙቅ ውኃ የሚፈታው ዳግመኛ እንደማይቀዘቅዝ ሲታወቅ ብቻ ነው፤ ተፈትቶ የቀዘቀዘ ከመጀመሪያው የባሰ ይጎዳል። ምላሷ የሚኮላተፍ፣ የምትደናቀፍ፣ ዚፕ መዝጋት ያቃታት ሴት ሰውነቷ ከውስጥ እየቀዘቀዘ ነው። ደረቅ ልብስ፣ ከነፋስ መከለል፣ መዋጥ ከቻለች በስኳር የጣፈጠ ትኩስ መጠጥ። አረቄ አይሰጣትም፤ ደሙን ወደ ቆዳ ያወጣና ሙቀቷን ያስበላል። መንቀጥቀጧ ሳትሞቅ ከቆመ ዳነች ማለት አይደለም፤ ያኔ ነው እርዳታ በአስቸኳይ የሚጠራው።

ድንኳን ውስጥ ወይም ጎጆ ውስጥ ምድጃ ሲነድ አየር መውጫው ክፍት ይሁን። በር ዘግቶ ከሰል አንድዶ መተኛት ስንት ቤት እንደዘጋ ወሎ ያውቃል፤ የዚያ አገር ጭስም ከዚህ አይለይም።

ምግብን በተመለከተ፣ ብርድ ብዙ ያስበላል። ጾመኛም ሆነች ሐላል የምትመገብ ሴት ቦታ ስትይዝ ታሳውቅ፤ እዚያ የሚቀርበው ሥጋ አብዛኛውን ጊዜ የአጋዘን ነው። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለኪስ እንደ እነሱ የሚሆን የለም፤ በሶ ላይ ከፔርሙዝ ትኩስ ውኃ መጨመር ብቻ ነው። ቋንጣ፣ ቅቤና አይብ ግን ከአውሮፓ ውጭ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ ጉምሩክ ይወስደዋል፤ በቅቤ የታሸ ጭኮም እንዲሁ። ጫት በኖርዌይም፣ በስዊድንም፣ በፊንላንድም በሕግ የተከለከለ ነው። ፀሐይ በማትወጣበት ቦታ የሶላት ሰዓት እንዴት እንደሚያዝ ከመነሣት በፊት ዑለማን መጠየቅ ይገባል፤ ጉዞው ረመዳን ላይ ከዋለም እንዲሁ።

የቪዛው መድን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሕክምና ሽፋን ሊኖረው ይገባል። ያ ግን ቪዛውን ለማግኘት ነው፤ የውሻ ጋሪን፣ ስኪንና ከሜዳ በሄሊኮፕተር መነሣትን ይሸፍን እንደሆነ ውሉን አንብቡ። ስቫልባርድ የሚሄዱት ደግሞ ይጠንቀቁ። ደሴቶቹ የኖርዌይ ቢሆኑም በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ከሸንገን ክልል፣ ውጭ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘች ሴት ከዚያ ስትመለስ ኖርዌይ መግባት አትችልም። ሁለት ጊዜ የሚያስገባ መጠየቅ ያለባት ከመነሻው ነው።

ልምምዱን እዚሁ መጀመር ይቻላል። ጦሳ ተራራ ጎሕ ሳይቀድ፣ ልብሱን ለብሶ፣ ሸክም ይዞ መውጣት፤ አናት ላይ አሥር ደቂቃ ቁጭ ብሎ የውስጡን ልብስ መዳሰስ። ከረጠበ የለበሳችሁት በዝቷል። አቡነ ዮሴፍ፣ 4,260 ሜትር ላይ፣ ለልብስ ፍተሻ የበለጠ ይሆናል፤ ነገር ግን እዚያ ትንፋሽ የሚያጥረው ከፍታው አየሩን ስላሳሳው ነው፣ አርክቲክ ሐይቆቹ ላይ ይህ የለም። ስለዚህ አቡነ ዮሴፍ ላይ ደከመኝ ብላ ተስፋ የምትቆርጥ አትኑር። ከላሊበላ በአንድ ቀን ተጣድፎ መውጣትም አይገባም፤ መንገዱ ሰላም መሆኑንም ከአካባቢው ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

በሚቀጥለው እትማችሁ "የክረምት" የሚለውን "ከኅዳር እስከ መጋቢት" በሚል እንድታርሙልን፣ የስቫልባርዱን የቪዛ ነገርም አብራችሁ እንድታወጡ በአክብሮት እንጠይቃለን።

በተራራና በብርድ አገር ጉዞ መሪነት የምንሠራ የወሎ ሴቶች
ደሴ