ስልኩ የሚመርጥልን ዜና

ለአዘጋጁ፦

የምጽፈው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የምናየውን ዜና የማኅበራዊ ሚዲያ አልጎሪዝም (ለማን ምን እንደሚታይ የሚወስነው የኮምፒውተር አሠራር) እየመረጠልን ስለመሆኑ ነው።

ባለፈው ሳምንት ማታ ዶርም ውስጥ፣ ከላይኛው አልጋ ከሚተኛው ጓደኛዬ ጋር ስልኮቻችንን ጎን ለጎን አድርገን ፌስቡክ ከፈትን። ዋይፋዩ አንድ፣ ሰዓቱ አንድ። የእሱ ገጽ ስለ አንድ ግጭት በቁጣ ተሞልቷል። እኔ ጋ ስለዚያ ግጭት አንድም ቃል የለም፤ ኳስና የሥራ ማስታወቂያ ብቻ። ሁለታችንም ግን የአገሩን ወሬ የምናውቅ ይመስለን ነበር።

ይህ የተማሪ ስንፍና አይደለም። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2018 አሠራሩን ቀይሮ ብዙ አስተያየትና ሼር የሚያገኘውን ጽሑፍ ይበልጥ ወደ ላይ ማውጣት ጀመረ። ሰው ደግሞ ብዙ የሚጽፈው ሲናደድ ነው። የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን እ.ኤ.አ. በ2021 ለአሜሪካ ሴኔት በሰጠችው ምስክርነት፣ ይህ አሠራር በኢትዮጵያ የብሔር ግጭትን እያባባሰ መሆኑን ተናግራለች። እኛ ከየክልሉ መጥተን በአንድ ክፍል የምንተኛ ልጆች ነን። አንዱ የሚያየውን ሌላው ካላየ ጠዋት ላይ በምን ቋንቋ እንነጋገራለን? በጣም ያሳስበኛል።

የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች «ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ» የሚባል ኮርስ ይወስዳሉ። ከዚያ ውስጥ አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ይሰጥ። ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ስልካቸውን ያስተያዩ፤ የተለያየባቸውን ዜና እስከ ምንጩ ሄደው ያጣሩ። ፌስቡክ ላይ ጽሑፎችን በጊዜ ቅደም ተከተል የሚያሳየው ገጽ እንዴት እንደሚከፈትም መምህሩ ያሳያቸው።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ