አንዱ ለምን አልጠፋም?

ሆዴ፣

እንደምን ከረምሽ? ለስድስት ዓመት ዝምታም «ከረምሽ» ይባላል እንዴ? መጀመሪያ ሥራ በዛብኝ፣ ከዚያ አቡሽ መሮጥ ጀመረ። ከዚያ ደግሞ «ይሄን ሁሉ ጊዜ ጠፍቼ አሁን ምን ብዬ ልጀምር» እያልኩ ጭራሽ ዘጋሁሽ። ይቅር በይኝ። ዛሬ ሰበብ አግኝቻለሁ።

ኅዳር ላይ ጅማ፣ አባዬ ጋ ሄደን ነበር። ቡናው ደርሷል። አቡሽ ሰባት ዓመት ሞላው። «እኔም እለቅማለሁ» ብሎ ትንሽ ቅርጫት ተሰጠው። ከሰዓት በኋላ ሲገለብጠው ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ገና ጥሬ አረንጓዴ። አክስቴ «ቀዩን ብቻ አልተባልክም?» ብላ ተቆጣችው። ልጁ ፍሬዎቹን እያገላበጠ «ሁሉም እኮ አንድ ናቸው» አለ። አባዬ አንዷን አንስቶ በአውራ ጣቱ ጫን አደረጋት። «ለስለስ ያለችዋን ነው። ዝም ብለህ ዳስስ» አለው።

ያኔ ጭው አለብኝ። አባዬ ዕድሜ ልኩን በዳሰሳ ነው የሚለቅመው። እኔ የልምድ ጉዳይ ይመስለኝ ነበር።

አዲስ አበባ ተመልሰን ሐኪም አየው። በባለ ቀለም ነጠብጣቦቹ መሀል ያሉትን ቁጥሮች ማንበብ አልቻለም። ቀይና አረንጓዴ አይለይም። ከአባዬ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሱ። እኔ ሁለት ኤክስ ክሮሞዞም ስላለኝ አንዱ ሌላውን ሸፍኖልኛል፤ እሱ ያለው አንድ ነው።

ትዝ ይልሻል ሦስተኛ ዓመት እያለን? እጅሽን አውጥተሽ «ጂን በስህተት ሁለት ከሆነ አንዱ ትርፍ ነው፤ ታዲያ ለምን አይጠፋም?» አልሽው። መምህሩ «ለፈተና አይመጣም» ብሎ አለፈሽ። አንቺ ማታ ዶርም ውስጥም አልተውሽን።

ይኸው መልሱ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ። የአቡሽ ዓይን ጉዳይ ራሱ የተባዛ ጂን ታሪክ ነው። ከ30 እስከ 40 ሚሊዮን ዓመት በፊት የእኛም የዝንጀሮዎችም የጋራ ቅድመ አያት ኤክስ ላይ የነበረው አንድ የብርሃን ተቀባይ ጂን ሁለት ሆነ። አንዱ ወደ ቀይ ተሳበ፣ ሌላው አረንጓዴ ላይ ቀረ። የሰሜን ተራሮች ጭላዳዎች እንደ እኛ ቀዩን ይለያሉ። የደቡብ አሜሪካ ጦጣዎች ግን ያ መባዛት አልደረሳቸውምና አብዛኞቹ ወንዶች እንደ አቡሽ ናቸው። ሁለቱ ጂኖች እስከ ዛሬ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። ችግሩም እሱ ነው። በእናት ሰውነት ውስጥ እንቁላል ሲፈጠር ሁለቱ ኤክስ ክሮሞዞሞች ቁራጭ ይለዋወጣሉ፤ ተመሳሳዮቹ ይምታቱና አንዱ ወገን ሦስት ይዞ ሲሄድ ሌላው በአንድ ይቀራል። በአንድ የቀረው የደረሰው ወንድ ልጅ ቀይና አረንጓዴ አይለይም።

የጄኔቲክስ ተመራማሪው ሱሱሙ ኦኖ እ.ኤ.አ. በ1970 ያለው ይሄንኑ ነበር፦ አንዱ ቅጂ የድሮውን ሥራ ሲሠራ ሌላው ነፃ ስለሆነ አዲስ ሙያ ይማራል። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ግን ጥያቄሽን ሙሉ በሙሉ አይመልስም። አዲስ ሙያ የሚያስገኝ ለውጥ ብርቅ ነው፣ የሚያበላሽ ለውጥ ግን ሞልቷል። እውነትም አብዛኞቹ ቅጂዎች በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ይበላሻሉ። ሆኖም የተረፉት ብዙ ናቸው።

እኔን ያስደነቀኝ እ.ኤ.አ. በ1999 ተመራማሪዎቹ እነ አለን ፎርስና ማይክል ሊንች ያመጡት ሐሳብ ነው። እኔ አሁን ሁለት ስልክ ነው የምይዘው። ፈልጌ እንዳይመስልሽ! የአንዱ ድምፅ ማጉያ ሞቷል፣ የሌላው ካሜራ። ሁለቱም ደህና ሳሉ አንዱን ብጥል ምንም አይጎድለኝም ነበር። አሁን ግን የትኛውን ልጣል? ጂኖቹም እንደዚያ ናቸው። አይጥ ላይ ኢንግሬልድ የሚባል አንድ ጂን በፅንሱ የእግር እምቡጥም (እግር በሚሆነው ጉብታ) በኋለኛው አንጎልም ይሠራል። ዜብራ በሚባለው ዓሣ ውስጥ ይሄው ጂን ሁለት ሆኗል፤ አንዱ የደረት ክንፍ እምቡጥ ላይ ይሠራል፣ ሌላው አንጎሉ ውስጥ። እያንዳንዱ ቅጂ የት እንደሚሠራ ከሚወስኑት ማብሪያ ማጥፊያዎች ከፊሉን አጥቷል። አዲስ ነገር ያተረፈ የለም። ሁለቱም ስለጎደሉ ብቻ ሁለቱም ቀሩ። ብልህ ተፈጥሮ፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠ መጠባበቂያ የሚባለውን ነገር ድሮም አልወደውም ነበር፤ ይሄ ግን ያሳምነኛል።

አንዳንዴ ደግሞ ጉዳዩ የመጠን ነው። የአባዬ ቡና ራሱ 44 ክሮሞዞም አለው፣ ሌሎቹ የቡና ዝርያዎች 22። ሁለት ዝርያዎች ተዳቅለው የወለዱት ነው፤ አንዱ ወላጁ ሮቡስታ የምንለው ነው። ሁሉም በአንዴ እጥፍ ሲሆን አብረው የሚሠሩ ጂኖች ሚዛናቸው አይዛባም። ዱቄቱንም ውሃውንም እጥፍ ብታደርጊ ሊጡ ያው ነው። ከዚያ ውሃውን ብቻ ብትቀንሺ ግን እንጀራ አይወጣልሽም። ስለዚህ አንዱን ብቻ መጣል ያስቸግራል።

ለአባዬ ደውዬ ስለ ዓይኑ ነገርኩት። ሳቀብኝ። «ከእኔ ቅርጫት ጥሬ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። አላውቅም።

ከዚያው ቡና አንድ ኪሎ ለይቼ አስቀምጬልሻለሁ። ወደ አንቺ የሚመጣ ሰው ካለ ንገሪኝ፣ እልክልሻለሁ።

ያንቺው