በጨለማ የማይታይ ብስክሌት

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

በባሕር ዳር ብስክሌት የተማሪውም የሠራተኛውም የዘወትር መጓጓዣ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግን ብዙዎቻችን ያለ መብራት እንነዳለን።

ባለፈው ሳምንት ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የመንገድ መብራት በሌለበት ሰፈር ከጓደኛዬ ጋር በመኪና ስናልፍ ከፊታችን ሁለት ብርቱካንማ ነጥቦች ተራ በተራ ከፍ ዝቅ ሲሉ አየን። የፔዳል አንጸባራቂዎች ነበሩ። ጥቁር ጃኬት የለበሰውን ልጅ ያየነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከኋላው ትንሽ ልጅ አፈናጥጧል። እነዚያ የጣት ስፋት ያላቸው ፕላስቲኮች ባይኖሩ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል።

አንጸባራቂ ግን የራሱ ብርሃን የለውም። የሚታየው የመኪና መብራት ሲያርፍበት ብቻ ስለሆነ፣ ከጎን መንገድ ብቅ ለሚል ባጃጅ ምንም አይነግረውም። ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት የግድ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚተማመንበት ደማቅ ቢጫ ሰደርያም ቢሆን ቀለሙ የሚጠቅመው ቀን ነው፤ ማታ የሚሠራው የተሰፋበት ብርማ ጥብጣብ ነው። ያንኑ ጥብጣብ ቁርጭምጭሚት ላይ ማሰር ደግሞ የበለጠ ይረዳል፤ እግር ስለሚንቀሳቀስ አሽከርካሪው ብስክሌት ነጂ መሆኑን ቶሎ ይለያል።

ብስክሌት የምትሸጡና የምታከራዩ ወገኖቼ፣ እባካችሁ የኋላ መብራት ሳትገጥሙ አንድም ብስክሌት ከደጃችሁ አይውጣ። ወላጆችም ልጃችሁ ለማታ ትምህርት ከመውጣቱ በፊት መብራቱን አብርታችሁ እዩለት።

አንድ ብስክሌት ነጂ፣ ከባሕር ዳር