ጉዳዩ፦ «ተለክተዋል» ተብለው ስለተላኩልን የድምፅ መስመር ትራንስፎርመሮች

ለሽያጭና ጥገና ክፍል ኃላፊ
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ

ምን እንዳዘዝንና ምን ያህል እንደከፈልን ደረሰኙ በእጃችሁ ስለሆነ አንደግመውም። የምንጽፈው ስለተበላ ቃል ነው። ገንዘቡን ስትቀበሉ እያንዳንዱን ትራንስፎርመር በ20 ኸርዝ፣ በ+4 ዲቢዩ ማለትም በ1.23 ቮልት ለክታችሁ ዲስቶርሽኑን (የድምፁን መዛባት) በጽሑፍ እንደምትሰጡን ተስማምተን ነበር።

የመጣው ወረቀት ግን «1 ኪሎ ኸርዝ፣ ጥሩ» ብቻ ይላል። በ1 ኪሎ ኸርዝማ ርካሹም ጥሩ ነው! ቮልቴጁ ሳይቀየር ወደ 20 ኸርዝ ሲወረድ ኮሩ (ሽቦው የተጠመጠመበት የብረት እምብርት) የሚሸከመው የማግኔት ፍሰት 50 እጥፍ ይሆናል፤ ደካማ ኮር የሚጋለጠው እዚያ ነው።

ይህንን ስንጠይቅ ቴክኒሻናችሁ ደንበኞች በተሰበሰቡበት «20 ኸርዝ ማን ይሰማል? ጆሮ ይበቃል» ብሎ መለሰልን። እጅግ አሳዝኖናል፤ መልሱም ስህተት ነው። ኮሩ በማግኔት ፍሰት ሲሞላ ከ20 ኸርዙ 60 እና 100 ኸርዝ ላይ አዲስ ድምፅ ይፈጠራል፤ ከበሮና ቤዝ ጊታር አብረው ሲመቱ የድምፃዊው ድምፅ ሳይቀር ይሻክራል።

ይባስ ብሎ ፊታችን መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጎ ኮይሉን ለካ። ከሜትሩ የሚወጣው ቀጥተኛ ጅረት ኮሩ ላይ የማግኔት ቅሪት ሊተው ይችላል። ቅሪቱን ለማጥፋት ከፍ ያለ የ20 ኸርዝ ሲግናል ሰጥቶ ቀስ እያሉ ወደ ዜሮ ማውረድ ያስፈልጋል፤ እሱ ግን ነቅሎ ካርቶን ውስጥ ከተተው።

የሽቦዎቹ ጫፍ ምልክት ስለሌለው ፌዙ (የሲግናሉ አቅጣጫ) የተገለበጠውን መለየት አልቻልንም። ስልካችሁም አይነሳም።

ስለዚህ ትራንስፎርመሮቹ ሁሉ እኛ ባለንበት እንደገና ይለኩ። የመለኪያ ሲግናል የሚያመነጨው ጄኔሬተር በ600 ኦም ሳይሆን እንደ ሚክሰራችን በ150 ኦም ይንዳቸው፤ የምንጩ ኦም ሲቀየር የታች ድምፅ ዲስቶርሽንም ይቀየራልና። መውጫው ላይ የሚገናኘው ሎድ (ጭነት) 10 ኪሎ ኦም ይሁን። የገዛናቸው ከመብራት መስመር የሚመጣውን የ50 ኸርዝ ጉርምርምታ እንዲያስቀሩ ስለሆነ፣ ሁለቱን የመግቢያ ጫፎች አገናኝታችሁ ከግራውንድ አንጻር ሲግናል ስጡና በመውጫው ምን ያህል እንደሚያልፍ በ50 ኸርዝም በ10 ኪሎ ኸርዝም አሳዩን።

እስከ ዓርብ ካልተፈጸመ ሙሉ ገንዘባችን ከትራንስፖርት ወጪው ጋር ይመለስልን። ቴክኒሻኑ ለተናገረውም የጽሑፍ ይቅርታ እንጠብቃለን። አዲሱ ወረቀት ላይ የለካው ሰው ስምና ፊርማ ይኑርበት።

ከአክብሮት ጋር
የድምፅ ክፍል

ግልባጭ፦ ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ