የቦክሰኛን ማብቂያ ዕድሜ ብቻ አይናገርም

ለአዘጋጁ፣

የቦክሰኛ ጊዜ ማለፉ በዕድሜው ይለካ በሚለው ጽሑፋችሁ አልስማማም። ጆርጅ ፎርማን እ.ኤ.አ. በ1994 ማይክል ሙረርን በ10ኛው ዙር ዘርሮ የከባድ ሚዛን ክብሩን ሲያስመልስ 45 ዓመቱ ነበር። መሐመድ አሊ ግን በ1980 ከላሪ ሆልምስ ጋር ሲገጥም ገና 38 ዓመቱ ቢሆንም፣ ቡጢ መሰንዘር ተስኖት ከ10ኛው ዙር በኋላ አሰልጣኙ ግጥሚያውን አስቆመ።

መታየት ያለበት እግሩና ምት የመቋቋም አቅሙ ነው። ቡጢው ሲመጣ እያየ ጭንቅላቱን ማሸሽ የሚዘገይ፣ ድሮ በሚቋቋመው ምት ጉልበቱ የሚከዳው፣ ቢያሸንፍ እንኳ ጊዜው አልፏል። ኃይለኛ መቺ ይህን ለዓመታት ሊደብቅ ይችላል። የድል መዝገብማ በደካማ ተጋጣሚ ስለሚያምር ብዙ አያስተማምንም።

ፈቃድ ሰጪዎች በተከታታይ ሁለቴ ለተዘረረ ቦክሰኛ ፈቃድ ከማደሳቸው በፊት የአንጎል ምርመራ ይጠይቁ፤ የቅርብ ግጥሚያዎቹን ቪዲዮም ግጥሚያዎቹን ከሚያዘጋጀው አስተዋዋቂ (ፕሮሞተር) ጋር ጥቅም በማይጋራ ባለሙያ ያስገምግሙ።