የአይጥ መድኃኒት ስላሉት ኪኒን

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? እማማስ እንዴት ናቸው? ቡሬዋ ላም ወለደች ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝናቡ ግን አላስወጣ ብሎናል።

በስልክ እንደማንግባባ አይተነዋል። ባለፈው እሑድ እርስዎ ተቆጡ፣ እኔም ድምፄን ከፍ አደረግሁ፣ ከዚያ ካርድ አለቀ። እውነቱን ልናገርና ካርዱ አላለቀም። እኔ ነኝ የዘጋሁት። ይቅር ይበሉኝ። ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት ልሞክር አልኩ። የእህቴ ልጅ ታነብልዎታለች። ጎበዝ አንባቢ ናት፣ ግን ረጅም ቃል ስታይ መዝለል ትወዳለች። ከዘለለች ያስመልሷት።

እግርዎ ላይ ደም እንዳይረጋ የታዘዘልዎትን ኪኒን፣ ዋርፋሪንን፣ ያቆሙት ገበያ ላይ አንድ ሰው «ይሄ እኮ የአይጥ መድኃኒት ነው» ስላለዎት ነው። እኔ ደግሞ፣ ፋርማሲስት ተብዬው ልጅዎ፣ «ውሸቱን ነው» አልኩዎት። ውሸቱን አልነበረም። ሰውየው የነገረዎት እውነት ነው፤ ግማሹን ብቻ ነው የነገረዎት። ሌላውን ግማሽ እኔ መናገር ሲገባኝ ሸፋፈንኩት።

ታሪኩ የከብት ታሪክ ስለሆነ ከእኔ ይልቅ ለእርስዎ ይገባል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1920ዎቹ፣ በካናዳና በሰሜናዊ አሜሪካ የሚኖሩ ገበሬዎች ከብታቸው ደም እየፈሰሰው ያልቅባቸው ጀመር። ወይፈን ሲያኮላሹ ደሙ አልቆም ይላል። ቀንድ ሲቆርጡም እንደዚያው። በኋላ ሲጣራ ጥፋቱ የድርቆሹ ሆኖ ተገኘ። የእኛ ማገጥ ዘመድ የሆነ፣ ሽታው ደስ የሚል መኖ አላቸው። ዝናብ በበዛበት ዓመት ሳይደርቅ ይከመርና ይሻግታል። የሻገተውን የበላ ከብት ደሙ መርጋት ያቅተዋል።

በ1933 በብርዱ ወራት አንድ የዊስኮንሲን ገበሬ የሞተች ጊደር፣ በወተት ዕቃ የሞላ ያልረጋ ደምና ያንን የሻገተ ድርቆሽ መኪናው ላይ ጫነ። በበረዶ ውስጥ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ ወደ ዩኒቨርሲቲው መጣ። የሚፈልገው የእንስሳት ሐኪም ቢሮ ተዘግቶ ጠበቀው። በሩን ከፍቶ የተቀበለው ካርል ሊንክ የሚባል የኬሚስትሪ ሰው ነው። ሊንክና ባልደረቦቹ ከድርቆሹ ውስጥ ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርገውን ነገር ለይተው እስኪያወጡ ዓመታት ፈጀባቸው። ከዚያ ሥራ ነው ዋርፋሪን የተወለደው። በ1948 ለአይጥ ተሸጠ። በ1954 ለሰው ተፈቀደ። በዓመቱ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ልባቸውን ታመው ይህንኑ ዋጡ።

እንግዲህ «የፈረንጅ ኪኒን» የሚሉት ይሄ ነው። ከድርቆሽ ክምር የተገኘ።

ደግሞስ «የአይጥ መድኃኒት» ያልነው እኛው አይደለን? በእኛ ቋንቋ የሚያድነውም መድኃኒት ነው፣ የሚገድለውም መድኃኒት ነው። «መድኃኒት አቀመሱት» ሲባል ሰውየው ዳነ ማለት አይደለም። ይህን ከእኔ የበለጠ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። አያቴ ኮሶ ሲያጠጡ መጀመሪያ የሰውየውን አቅም ያዩ ነበር አላሉኝም? ለእርጉዝ ሴት አይሰጡም፣ ለደከመ ሰው ይቀንሳሉ። ኮሶ ሲበዛ ዓይን እንደሚያጠፋ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ይህንኑ በትምህርት ሳገኘው ገርሞኝ ነበር። ዋርፋሪንም እንደ ኮሶ ነው። ልኩ ጠባብ ነው። በየጊዜው ደምዎን የሚቀዱት ለዚያ ነው እንጂ ሊያደክሙዎት አይደለም።

አሁን ወደ ግንቦቱ ነገር ልምጣ።

እኔ ቤት መጥተው ሳለ ነስር ጀመረዎት። ድድዎም ደማ። ክንድዎ ላይ ሳይመታዎት የበለዘ ነገር ነበር። ስንመረመር የደም መርጊያው ልክ፣ አይ ኤን አር የሚሉት፣ ከ2 እስከ 3 መሆን ሲገባው 7 አልፏል። ቁጥሩ ሲጨምር ደሙ ለመርጋት ይዘገያል ማለት ነው። ሐኪሟ በትሕትና «አባት፣ ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችዎት። «ምንም» አሉ። እኔ አጠገብዎ ቆሜያለሁ። የዋርፋሪንን ኃይል የሚያረክሰውን ቫይታሚን ኬ ሰጥታ፣ ኪኒኑን ለጥቂት ቀን አስቁማ፣ መጠኑን አስተካክላ ላከችን።

ማታ ጋቢዎን ሳጣጥፍ የነስካፌ ጠርሙስ አገኘሁ። ክዳኑ በፌስታል ታስሯል። የእማማ አስተሳሰር ነው፣ የትም ባየው አውቀዋለሁ። ውስጡ ተቀጥቅጦ ማር የገባበት ጥሬ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ነበር፣ ግማሽ ደርሷል። ከጠርሙሱ ጎን ደግሞ ለጉልበትዎ የገዙት የሕመም ማስታገሻ፣ ዳይክሎፌናክ። ያን ቀን ምንም አልተነፈስኩም። ጠርሙሱን መልሼ አስቀመጥኩት። ዛሬ ድረስ ለምን ዝም እንዳልኩ አላውቅም፤ የደበቁትን ማግኘቴ ያሳፈረኝ እኔን ነው መሰለኝ።

ነጭ ሽንኩርት በወጥ ውስጥ ሲሆን ማንም አይከለክልዎትም። በየጠዋቱ በማንኪያ ጥሬውን ሲሆን ግን ሌላ ነው። ደም እንዳይረጋ ያግዛል። ዋርፋሪኑም የሚያደርገው ያንኑ ነው። ሁለቱ ወደ አንድ ወገን ሲጎትቱ ሞፈሩ ይሰበራል። ለነገሩ እኔን ከሽንኩርቱ ይልቅ ያስደነገጠኝ ዳይክሎፌናኩ ነው። እሱ ጨጓራ ያደማል፣ ከዋርፋሪን ጋር ሲገናኝ ደግሞ ይብሳል። ከፋርማሲ የተገዛ ስለሆነ ጉዳት ያለው አልመሰለዎትም። ሐኪሟ ስትጠይቅዎም ትዝ ያለዎት አይመስለኝም። ጉልበትዎን ሲያምዎት ይደውሉልኝ፣ ከዋርፋሪን ጋር የሚሻለውን እነግርዎታለሁ።

ያ «ምንም» ያሉት ቃል ግን ከግንቦት ጀምሮ ሲከነክነኝ ከረመ። ከየት መጣ?

አንዱ ከአያቴ ነው። እሳቸው ሥር የሚቆፍሩት ረቡዕና ዓርብ ሳይነጋ፣ ከሰው ጋር ሳይነጋገሩ ነበር። ስሙን የነገሩት መድኃኒት ኃይሉ ይጠፋል ብለው ያምናሉ። ለእርስዎ ለልጃቸው እንኳ ከነገሩዎት ያልነገሩዎት ይበልጣል። ለእባብ ንክሻ የሚሆነው ሥር ከእሳቸው ጋር መቀበሩን ሲያነሡ ሁልጊዜ ይቆጫሉ። እርስዎ ዝም ማለትን ከመድኃኒቱ ጋር አብረው ነው የተማሩት።

ሌላው ከእኔ ነው። ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ለክረምት የመጣሁ ጊዜ፣ የጎረቤት ልጅ ምች መታው ብለው አመጡልዎት። እርስዎ ዳማከሴ በመዳፍዎ እያሹ ሳለ፣ እኔ በሰው ፊት «ምች የሚባል በሽታ የለም፣ ይሄ ሁሉ ዝም ብሎ ነው» አልኩ። እርስዎ አልመለሱልኝም። ጨመቁለት፣ እጅዎን ታጠቡ፣ ወጥተው ደጅ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ እኔ ባለሁበት ቅጠል ሲያሹ አይቼ አላውቅም። በኋላ እንዳነበብኩት የአገራችን ተመራማሪዎች የዳማከሴን ቅጠል በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ሞክረው ትኩሳት እንደሚያበርድ ጽፈዋል። በእንስሳት ላይ ነው፣ ለሰው ገና ብዙ ይቀራል። ግን አፌን ከመክፈቴ በፊት ማንበብ ነበረብኝ። በዚያ ላይ ያ ጎልማሳ ሐኪም አለ፤ ጠበል እጠጣለሁ ሲሉት ከት ብሎ የሳቀው። እሱንም እኔንም ያየ ሰው «ምንም» ቢል ምን ይገርማል?

ዶክተር አክሊሉ ለማን ያውቋቸዋል፣ የእንዶዱን ሰው። በ1964 (አሁንም በፈረንጅ ነው) አድዋ ላይ አንድ ወንዝ ዳር ቆመው ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ነበር። ቢልሃርዚያ የምታስተላልፈው ቀንድ አውጣ ናትና ከዚያ ተነሥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ አጠኑት። እኔ ያን ጊዜ እዚያ ወንዝ ዳር ብሆን ኖሮ ሴቶቹን ኦሞ ግዙ ብዬ የምመክር ይመስለኛል።

ወጌሻውንም ሳላነሣ አላልፍም። መጀመሪያ እግርዎ ያበጠ ጊዜ የሄዱት አንድ ክሊኒክ ነበር። ሱሪዎን እንኳ ሳይገልጡ የማስታገሻ መርፌ ወግተው ሸኙዎት። ከዚያ ወጌሻው ዘንድ ተወሰዱ። ቅቤውን አዘጋጅቶ ጎንበስ አለና ዳሰሰው። ባትዎ ይተኩሳል፣ ከሌላው ወፍሯል። እጁን አነሣና «ይሄ ወለምታ አይደለም፣ እኔ አላሸውም፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዷቸው» አለ። አሽቶት ቢሆን ኖሮ የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባዎ ሊገባ ይችል ነበር። ወጌሻ ሁሉ እንደሱ አይደለም። ስብራት በሸንበቆ አጥብቀው አስረው፣ ደም ተቋርጦ እጁ የተቆረጠ ልጅ በዓይኔ አይቻለሁ። የእኛ ወጌሻ ግን የማያውቀውን ያውቃል። ከዚያ ከክሊኒኩ ሰው ይልቅ እሱ ሐኪም ነበር። ስመጣ አንድ ኪሎ ቡና ይዤለት እመጣለሁ፣ ለእማማ እንዳይነግሩብኝ።

ፍልሰታ ሊገባ ነው። ጠበል ሱባኤ ልገባ ነው፣ ከጠበል ጋር ኪኒን አልቀላቅልም ማለትዎን ከእህቴ ሰምቻለሁ። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. በእንጦጦ ጠበል ምክንያት የኤች አይ ቪ መድኃኒት ለሚያቋርጡ ሕሙማን ሁለቱን አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። ፓትርያርኩ ያሉትን የፋርማሲ ልጅ ከሚለው ያስበልጡታል ብዬ ነው። የነፍስ አባትዎንም ይጠይቁ። ጎመኑም በጾሙ ይበዛል። ጎመን ደግሞ ከሽንኩርቱ በተቃራኒ የኪኒኑን ኃይል ይቀንሳል። አይተዉት። ብቻ አንድ ሳምንት ጎመን በጎመን፣ አንድ ሳምንት ደግሞ ጭራሽ ምንም አይሁን። እንደ ሁልጊዜው ይመገቡ።

ኪኒኑን ካቆሙ ሁለት ሳምንት ሆነ። ደም ሲረጋብዎ ያለፈው ሁለተኛዎ ስለሆነ እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው። ግን ይህን ደብዳቤ ሰምተው ዛሬ ማታ በራስዎ እንዳይጀምሩት። መጀመሪያ ደምዎ ይታይ። እስከዚያ እግርዎ ካበጠ፣ ደረትዎን ከወጋዎት ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት እኔን አይጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይውሰዱዎት።

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ እደርሳለሁ። ረቡዕ አብረን እንመለሳለን። ለሐሙስ ያችው ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዣለሁ። መንገድ ላይ ደጀን ወርደን ትንሽ እንራመዳለን፣ እግርዎ ተጣጥፎ እንዳይውል። እስከዚያ እማማ የሚሰጡዎትን ሁሉ በአንድ ዘንቢል ያኑሩልኝ። የነስካፌው ጠርሙስ፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ፌጦው፣ ከገበያ የገዙት ኪኒን፣ ስሙን የማይናገሩት ሥር ካለ እሱም ይግባ። ስሙን አልጠይቅዎትም። ለሐኪሟ ያሳዩዋት፣ ለምን እንደሚወስዱት ይንገሯት። እኔ ዘንቢሉን እይዛለሁ እንጂ አንድ ቃል አልናገርም።

ከአጥሩ ሥር ያለችው ዳማከሴ አለች ወይ? ካለች አንድ ችግኝ ከነአፈሩ ይንቀሉልኝ። በረንዳው ላይ ፀሐይ አለ።

የእህቴ ልጅ ሳትዘል እዚህ ድረስ ካነበበች 50 ብር ይስጧት። ማክሰኞ እከፍልዎታለሁ።

ልጅዎ፣
ከአዲስ አበባ